ልብስ የማይተኩስ ካውያ

ኒስትሩ ከሚታጠፍበት፣ ከሞልዶቫ ጥግ፣ ከከተማ ርቆ፣
መንደራችን አለች፤ ስሟ ሲተረጎም፣ ቀዝቃዛው ሸለቆ።
ስም ያወጣላት ሰው አልዋሸም፤
ሚያዝያ ሲጋመስ፣ "ብርዱ ሄደ" ሲባል፣ ብርዱ አይሄድም፤
ኮኩ ሲያብብ አይቶ ሌሊት ይመለሳል፣
በአንድ አዳር ውርጭ የዓመት ጉርሻችንን ካፋችን ያነሳል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሦስት ዓመት ባዶ ቅርንጫፍ፣
ሦስት ዓመት የባንክ ደብዳቤ በበር ሥር ሲያልፍ፤
በሦስተኛው እናቴ ሻንጣዋን አሰረች፣
የሰው ሽማግሌ ልታጥብ ጣልያን አገር ሄደች።
ትታልን የሄደችው፦ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ድስት፣
ጀርባው የታመመ አባት፣
አንድ የሶቭየት ካውያ።

እህቴ ዛምፊራ ያኔ አሥራ አምስቷ ነበር፤
ከስምንተኛ ክፍል ወጥታለች፣ ማሳው እንዲቆፈር።
መጽሐፏ አንዲት ናት፦ የትራክተር መጠገኛ፣
ናፍጣ የጠጣ ገጽ፣ ቋንቋው ሩስኛ፤
"ትራክተሩ ቢሞት መጽሐፉ ለምን ይሙት?" ብላ፣
ቃል በቃል አጠናችው፣ በሻማ፣ ከእራት በኋላ።

አንድ ማታ ካውያውን በቢላ ጫፍ ፈታች።
"የእናትሽን ዕቃ!" አለ አባቴ። እሷ ዝም አለች።
ከሆዱ አንድ ቀጭን ምላስ አወጣች፤
"ሁለት ብረት ናቸው" አለችኝ፣ "የተጋቡ፣ የተጣበቁ፤
ሙቀት ሲመጣ፣ ብርድ ሲመጣ፣ እኩል አይዘልቁ፤
አንዱ ቶሎ ሲኮማተር፣ አንዱ ሲዘገይ፣
ላለመለያየት ይጎብጣሉ፤ ይሄን እይ።"
አየሁ። አባቴንም አየሁ። ስልኩንም አየሁ፣ ግድግዳው ላይ።

ደግሞ "ብርድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል" አለች፤
አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሞልታ በማሳው ደረደረች፣
በፋኖስ ዞራ፣ የቱ ቀድሞ በረዶ እንደሠራ በጠመኔ ጻፈች።
ዘጠነኛው ነው ቀዳሚው፤ ከታች፣ ከአኻያው ሥር።
እዚያ ሰቀለችው፦ የካውያውን ምላስ፣ የሞተር ሳይክል ባትሪ፣
የሙት ትራክተር ጡሩንባ፣ በአንድ ክር።

ሚያዝያ ገባ። ጡሩንባው ጮኸ።
መንደሩ በሌሊት ልብሱ ወጣ፣ ባልዲና ጭድ ይዞ፤
ውርጭ የለም። ጨረቃ ብቻ፣ ሰማዩ ላይ ደንዝዞ።
የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋቭሪል ሳቀ፤ ከዚያች ሌሊት ወዲያ
ስሟን ማንም አይጠራም፤ "ካውያ!" ሆነች፣ "ካውያ!"
ጎረቤታችን ፓራስኪቫ፣ ባሏን የቀበረች፣ ምላሷ ሳማ፣
"ከስንት ዓመት አንድ እንቅልፍ ቢመጣልኝ፣ ይህች ልጅ ትቀማ?"

እህቴ አላለቀሰችም። ጠዋት ከአኻያው ሥር ተንበርክካ፣
ብሎኑን በጥፍሯ አዞረች።
ሩብ ዙር ነበር ስህተቱ ለካ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሌሊት፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣
እንደምታምጥ ላም ጮኸ፣ ያ ጡሩንባ፣ ድንገት።
አንድም መስኮት አልበራም።
እኔና እሷ ብቻ፤ አባቴም በዱላው፣ ጎብጦ፣
እርጥብ ጭድ ስንለኩስ፣ ዓይናችን በጭሱ ቀልጦ፣
በጨለማው ሳል ሰማን። ፓራስኪቫ ናት፤ ጭድ ተሸክማለች፤
"ጉልበቴ ቀድሞሽ ነግሮኛል፤ አትኩራሪ፣ ካውያ" አለች፤
ሄዳም የጋቭሪልን በር በድንጋይ ደበደበች።
አንድ መብራት። ሦስት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

ሁሉም አልዳነም። ከአኻያው ሥር የነበሩት፣ የኛው አሥራ አንድ፣
አበባቸው ጠቁሮ አደረ፤ ውርጭ ያለ እሳት ሲያነድ።
ከዚያ በላይ ያለው ግን፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣
ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ግን ሮዝ፣ ግን ንብ ሲዞር።
ጋቭሪል ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምንም አልተናገረ፤
በሳምንቱ ሁለት አሮጌ ካውያ ደጃችን ላይ አደረ።
ሐምሌ ላይ ኮኩ ሲሸጥ፣ የዕዳው ግማሽ ተከፈለ፤ ግማሹ ቀረ።

እሑድ እናቴ ደወለች። "ልብሳችሁን በምን ትተኩሳላችሁ?" አለች።
"እንደተጨማደደ ነው የምንለብሰው" ብላ ዛምፊራ ሳቀች፤
"ያንቺ ካውያ ልብስ ትቷል፤
ማሳ ጠባቂ ሆኗል፤ ብርድ ሲመጣ ይተኩሳል።"
ስልኩ ዝም አለ። ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ ከሰው ቤት ኩሽና፣
ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ የጎበጠ ድምፅ መጣ፤
አልለየሁትም ገና።